ከማሰሪያው በታች

ልጄ ከአየር ጤና ገዝታ የተከለችው የተዳቀለ ብርቱካን ከግርጌው ቡቃያ አወጣ። አንዱን ስትቀነጥሰው የሎሚ ቅጠል ሸተተኝ። ልጅነቴ ትዝ አለኝ፤ ቀራንዮ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ የእናቴ ግቢ።

ሰፈራችንን የያዘው የጣሊያን ሹም የእናቴን ሎሚ አስቆረጠና ጉቶው ላይ የብርቱካን ቅርንጫፍ ሰክቶ በጨርቅ አሰረው። "ከእንግዲህ ዛፉ የእኔ ነው፤ አንቺ አጠጪው" አላት በአስተርጓሚ። እምቢ ያለ ይገረፍ ነበር። እሷም በየማለዳው ታጠጣ ጀመር፤ እኔ በንዴት በገንኩ።

"እማዬ፣ ለምን ታጠጪለታለሽ?"

"እኔ የማጠጣው ሥሩን ነው" አለችኝ።

አልገባኝም። ከማሰሪያው በታች የሚወጣውን እሾሃም ቡቃያ አትነካውም፤ ከላይ የሚያቆጠቁጠውን ግን ማንም ሳያያት በጥፍሯ ትቀነጥሰዋለች። ክረምቱ ሲወጣ የሹሙ ቅርንጫፍ ደርቆ ቀረ፤ ሎሚያችን ዙሪያውን ለመለመ። ሹሙ መጥቶ ጮኸባት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ አስተርጓሚው ዞረች።

"እኔ አጠጥቻለሁ፤ እምቢ ያለው ዛፉ ነው በልልኝ።"

ልጄ አሁን ወደ ቀረው ቡቃያ እጇን ዘረጋች። "እማዬ፣ ይሄ ካልተቆረጠ ብርቱካኑን ይገድለዋል።"

"አውቃለሁ" አልኳት። "እሱን ተዪልኝ።"