ያጸዳነው ቤዝመንት

በእኛ ማኅበር እንግሊዝኛ ሲቸግር የሚደወለው ለእኔ ነው። የሆስፒታል ደብዳቤ፣ የግብር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ፣ ብቻ በፖስታ የመጣ ነገር ሁሉ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ሳያርፍ አይቀርም። እኔም እወደዋለሁ። «ኧረ በቃኝ፣ እኔ የሰው ሁሉ ጸሐፊ ነኝ እንዴ?» እያልኩ አማርራለሁ እንጂ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም ካልደወለልኝ ስልኬ ተበላሽቶ እንደሆነ አያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቴን የሠራሁት በክፋት እንዳልሆነ ለማስረዳት አይደለም። በክፋት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፣ ንስሐ ገብቼ እገላገለው ነበር። እኔ የሠራሁት በኩራት ነው።

እትዬ የምላቸው ሴት የልጄ ክርስትና እናት ናቸው። ማዶ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቤት አለቻቸው፤ ሆቴል ውስጥ ለዓመታት አንሶላ ሲያጥቡና ሲያጥፉ ኖረው የገዟት። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባለፈው ዓመት በሙቀቱ ወራት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደ ዝናብ መንገዳቸውን ወንዝ አደረገው። ውሃው ከቤቱ ስር ባለው ምድር ቤት፣ በቤዝመንቱ መስኮት ገብቶ ጉልበት ድረስ ሞላ። ልብስ ማጠቢያው፣ ማድረቂያው፣ የውሃ ማሞቂያው፣ ቤቱን በክረምት የሚያሞቀው ፈርነስ፣ ሁሉም እዚያው ታች ነበሩ፤ ሁሉም ጠጡ።

ደግነቱ ባንኩ አስገድዷቸው የጎርፍ ኢንሹራንስ ገብተው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ደውለን ሦስት ሆነን በአንድ መስመር ተነጋገርን፤ እሳቸው ከቤታቸው፣ እኔ ከወጥ ቤቴ፣ የኢንሹራንሷ ሴትዮ ከማላውቀው አገር። ሴትዮዋ ፈጣን ናት። ሰኞ ጉዳቱን የሚገምት ሰው እንደሚመጣ ነገረችን። ከዚያ ደግሞ ሰውየው እስኪያየው ድረስ ምንም ነገር እንዳትጥሉ፣ የግድ መጣል ካለበት ፎቶ አንሱ፣ ከምንጣፉም ቁራጭ አስቀሩ አለች። ሰምቻታለሁ። በደንብ ነው የሰማኋት።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ።

«ሰኞ ሰው ይመጣል። አይዞዎት፣ ሁሉም ይስተካከላል ብላለች» አልኳቸው።

አይዞዎት አላለችም። እሱን ከራሴ ጨመርኩ፤ ያለችውን ደግሞ ቀነስኩ። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር የማስተረጉመው፤ ለሰሚው የሚጠቅመውን እኔ እመርጣለሁ፣ የማይጠቅመውን እተወዋለሁ። ፎቶ፣ ቁራጭ ምንጣፍ የሚባለው ነገር ለወጉ የሚነበብ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ማኅበሩን ይዤ ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰው፣ ጓንትና መጥረጊያ፣ አራት ጋሎን በረኪና። ችግር የደረሰበት ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከለቅሶ ቀጥሎ ሰው በአንድ ጥሪ ነቅሎ የሚመጣው ለእንዲህ ያለው ነው። ቤዝመንቱ ይሸታል። የእትዬ ፍራሽ፣ የውስጥ ልብሳቸው፣ የባላቸው ኮት፣ ሁሉም በጭቃ ተለውሶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ይህን ነው እንግዲህ ሰኞ አንድ ባዕድ ሰው መጥቶ በባትሪ እያበራ የሚያየው? በእኔ ዕድሜ ቤት ሳይጠረግ እንግዳ ሲገባ አይቼ አላውቅም።

እትዬ ደረጃው ላይ ቆመው፣ «ሰውየው እስኪያየው ብንተወውስ?» አሉ።

«እትዬ፣ እርስዎ ዛሬ ቁጭ ይበሉ! ሥራው የእኛ ነው» አልኳቸው።

ከማኅበሩ አንዱ ታክሲ ነጂ ነው። ስልኩን አውጥቶ፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ፒክቸር እናንሳ። ኢንሹራንስ ያለ ፒክቸር አያምንም። እኔ አክሲደንት ያደረግሁ ጊዜ አሳይተውኛል» አለ።

«ነውር አይደለም እንዴ? የሰው ገመና በስልክ ይነሳል? እሳቸው እኮ እያዩህ ነው!» ብዬ ጮህኩበት።

ስልኩን ኪሱ ከተተው። እኔ ድምፅ አለኝ፤ ማኅበር ላይ ስናገር ማይክ አያስፈልገኝም። ያን ቀን ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ቤዝመንቱ ባዶ ሆነ። ማሽኖቹን ጭምር አንዱ በጭነት መኪናው ቆሻሻ መጣያ አድርሶ ተመለሰ። ቀለም ቀቢ የሆነው ወንድማችን ከሥራ የተረፈው ነጭ ቀለም ነበረውና፣ ውሃው ግድግዳው ላይ ያሰመረውን ቡናማ መስመር ሁለት ጊዜ ደርቦ ሸፈነው። ስንጨርስ ቤዝመንቱ አዲስ የተሠራ ይመስል ነበር። እኔ መሐሉ ላይ ቆሜ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ «ይኸው! አሁን ይምጣ!» አልኩ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሰኞ የመጣው ሰው እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የጎማ ቦቲ ተጫምቷል። ደረጃውን ወርዶ ነጩን ግድግዳ አየ፣ ቀጥሎ ቦቲውን አየ። ውሃው እስከ የት ደርሶ እንደነበር ጠየቀ። እትዬ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «እዚህ ድረስ ነበር፣ ማሽኖቹም...» ብለው ጀመሩ። እኔ ግን ቀድሜያቸው በእንግሊዝኛ ገብቼ ነበር፤ ማኅበረሰባችን ተረባርቦ ሁሉን እንዳጸዳ፣ እሳቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና እንደሆኑ ተረኩለት። ማሽኖቹስ አለ። ጣልናቸው አልኩ። ፎቶስ አለ። የለም አልኩ። ጻፈ። ብርቱካን ጭማቂ አቀረብኩለት፣ አመስግኖ ሳይጠጣ ወጣ።

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ።

«ጥሩ ሰው ነው፤ ሁሉንም ጽፎታል» አልኳቸው። እውነትም ጽፎት ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤው መጣ፤ እንደ ልማዱ እኔው ጠረጴዛ ላይ። ክሌማቸው፣ የካሣ ጥያቄያቸው፣ ውድቅ ሆኗል። ግድግዳው ላይ የውሃ ምልክት አልታየም፤ ተበላሹ የተባሉት እቃዎች አልቀረቡም፤ የቤቱ ባለቤት እቃውን እንዳይጥሉ በስልክ ተነግሯቸው ነበር ይላል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። እትዬ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው አፍ አፌን ያያሉ።

«ማስረጃ አነሰን ነው የሚሉት» አልኩ። እንደገና ቀነስኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን የቀነስኩት ለእሳቸው አስቤ አልነበረም።

እትዬ ቀስ ብለው ነገሩን አሰቡት። ያለ ፈርነስና ያለ ሙቅ ውሃ ክረምቱ አይወጣም። ኢንሹራንሱ ካልከፈለ ቤቱን ሸጠው ጀርመንታውን የሚባል ከተማ ያለችው የእህታቸው ልጅ ዘንድ መግባት ነው። «ጥሩ ልጅ ናት፤ ባሏም ጥሩ ነው። ግን በዚህ ዕድሜዬ የሰው ማድቤት ውስጥ ሳህን የት እንደሚቀመጥ ልጠይቅ ነው?» አሉኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፣ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነሳ ግን ነገሩ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ጠበቃ ያገኘሁላቸው እኔው ነኝ። በነጻ የሚረዱ፣ ቢሯቸው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሆነ፣ ቨርጂኒያ ላይም መሥራት የሚችሉ ሰዎች። ጠበቃዋ ወጣት አሜሪካዊት ናት፤ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከላይ እስከ ታች አስምራበታለች። ከጎረቤቶቻቸው ፎቶ ተሰብስቦ ጎርፉ መንገዱን እንዳጥለቀለቀ ማሳየት እንደሚቻል ነገረችን። ከዚያ እስክሪብቶዋን የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ አሳረፈች።

እቃውን እንዳትጥሉ በስልክ ተነግሯችሁ ነበር? የጣለውስ ማን ነው? ብላ ጠየቀች።

ወደ አማርኛ መለስኩት። ደብዳቤው ፊታችን ተዘርግቶ ምን እቀንሳለሁ? እትዬ እንዳትጥሉ መባሉን ሲሰሙ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር። ዞር ብለው አዩኝ። አላፈጠጡብኝም፣ አልተቆጡም፤ አዩኝ ብቻ። የስልኩ ቀን፣ ቅዳሜው፣ ሰኞው፣ ሁሉም አንድ በአንድ ሲገጣጠምላቸው ፊታቸው ላይ አነበብኩ። ከዚያ ወደ ጠበቃዋ ተመለሱ።

«ተነግሮኛል። ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ሽታው አላስችለኝ ብሎ ነው።»

እኔም ይህን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ አስተርጉሜ አላውቅም።

ጠበቃዋ እያወቁ ከጣሉት ነገሩ በጣም እንደሚከብድ ተናገረች። ያንንም መለስኩት። እትዬ እሺ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

መኪናዬን ቤልትዌይ ወደሚባለው አውራ ጎዳና አስገባሁ። ከዚያ፣ «ለምን እንደዚያ አሉ?» አልኳቸው።

«ምን ልበል ታዲያ? አበልጄን በፈረንጅ ፊት ላዋርዳት?» አሉኝ፤ ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እኔ ገመናቸውን ልሸፍን ብዬ ቤታቸውን አጸዳሁ፤ እሳቸው ገመናዬን ሊሸፍኑ ቤታቸውን ሊሰጡ ነው። አዛኝ ቅቤ አንጓች ሲባል እስቅ ነበር፣ ለካ ቅቤ አንጓቿ እኔ ነኝ። ለነፍስ አባቴ ነገርኩ። አባ ጨርሰው ከሰሙኝ በኋላ፣ «እኔ ጸሎት አደርግልሻለሁ፣ ፋይሉን የያዘችው ግን ጠበቃዋ ናት» አሉኝ። ልከራከራቸው ፈልጌ ነበር፤ ይልቅ ለጠበቃዋ ደወልኩ።

ብቻዬን ሄድኩ። ለጠበቃዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ በስልክ የተባለውን ሰምቼ አለማስተላለፌን፣ «ብንተወውስ» ሲሉ አፋቸውን ማስያዜን፣ ፎቶውን መከልከሌን፣ ቀለሙን። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም፣ እያንዳንዱን ጻፈች፤ እሱ ባሰብኝ። ከዚያ መልእክቱ ለእትዬ ካልደረሳቸው ጉዳዩ ሌላ መልክ እንደሚይዝ፣ ይህንኑ በጽሑፍ መፈረም እንዳለብኝ ነገረችኝ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ምስክር ነኝና ለእትዬ ማስተርጎም አልችልም። ቃላቸውን እንደገና የሚሰጡት በስልክ አስተርጓሚ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘግቷል። የእትዬ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይም። ረጅም ያወራሉ። እኔ እያለሁ እንደዚያ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የፈረምኩት ወረቀት በማላውቀው ሰው አንደበት በአማርኛ እየተነበበላቸው ነው፤ ይቅርታዬን ከእኔ በፊት ከባዕድ ሰው ሰሙት። ሲወጡ ተነስቼ ቦርሳቸውን ተቀበልኳቸው።

«እንዴት ነበር?» አልኩ።

«ጥሩ ልጅ ነው አስተርጓሚው» አሉኝ። «ያልኩትን ብቻ ነው የሚለው።»

ክፉ አስበው አይደለም። ሰው ስለ አንድ ዕቃ ጥሩነት እንደሚናገረው ነው የተናገሩት። እኔ ግን እስከ መኪናው ድረስ ቀና ብዬ መሄድ አቃተኝ።

ጠበቃዋ ሰው ልካ ግድግዳውን አስከፈተች። ከነጩ ቀለማችን ኋላ እርጥበቱ ታፍኖ ሻጋታው እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል፤ ውሃው የት እንደደረሰ ከዚህ በላይ ምስክር የለም። ኢንሹራንሱ ለግድግዳው ተስማማ። ለፈርነሱ፣ ለውሃ ማሞቂያውና ለሌሎቹ ማሽኖች ግን እምቢ አለ። የሉም፤ ያላየነውን አንገምትም አለ። ጠበቃዋ የቻለችውን ሁሉ ታግላለች። ማሽኖቹን እኔ ነኝ ያስወሰድኳቸው፣ ከቆሻሻ መጣያ ማን ይመልሳቸዋል?

ይህን ሁሉ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወሬው ከማኅበርተኛ ደረሰኝ። እትዬን ፈልጌ ጥላ ስር ቆመው አገኘኋቸው።

«ደብዳቤው መቼ መጣ?» አልኳቸው።

«ሁለት ሳምንት ሆነው። በዚያ በስልኩ ልጅ አስነበብኩት» አሉ። «ቤቱንም ለመሸጥ ፈርሜያለሁ። የእህቴ ልጅ ጀርመንታውን ክፍል አዘጋጅታልኛለች።»

ለምን አልነገሩኝም ማለቱን ተውኩት። ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። ሰው ያያል ብለው ክንዴን ይዘው አቃኑኝ፤ አሁንም የሚሸፍኑት እኔን ነው።

«ይቅር ብዬሻለሁ፤ አበልጅ ነሽ» አሉኝ። «ቅዳሜ እቃ አወጣለሁ። ማኅበሩን ይዘሽ ብትመጪ ደስ ይለኛል። የሚጣለውን ግን እኔ ነኝ የምናገረው።»

«እሺ እትዬ» አልኩ።