ያልወሰኑት መራጭ

አቶ ዓብዩ የምርጫ ወረቀታቸው በፖስታ በደረሳቸው ዕለት ሞልተው አሽገው፣ ፖስታው ላይ ፈርመው ቀኑን ጽፈውበታል። የመረጡት ለካውንቲው ምክር ቤት የምትወዳደረውን ሴት ነው፤ በየአፓርታማው ጣሪያ ሶላር ይተከል፣ ሕንፃን በጋዝ ማሞቅ ይቅር የምትለውን። ያለፈው ሐምሌ የአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሙቀት ሆስፒታል አስተኝቷቸው ስለነበር ብዙ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። ፖስታውን ግን አልላኩትም፤ ከሻይ ቆርቆሮው ጀርባ ሸጎጡት።

ከላይ ፎቅ የሚኖረው ኪራኮስ፣ "አንዴ ከላኩት ቀስቃሾቹ ስምዎን ከዝርዝራቸው ይሰርዙታል፤ በር የሚደበድብ የለም፣ እፎይ ነው" ብሏቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ በራቸውን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ልጃቸው ስመኝ በመኪና ብዙ የማይርቀው አሌክሳንድሪያ ናት፤ "ኮል አደርጋለሁ አባዬ" ትላለች፤ አንዳንዴም ታደርጋለች።

ብዙም ሳይቆይ መጥታ ያንኳኳችው ያኔት ትባላለች፤ ለእጩዋ የምትቀሰቅስ፣ እዚሁ የተወለደች ተማሪ። ግቢ ቢሏት፣ "ኖ ጋሼ፣ ቤት መግባት አይፈቀድልንም" አለች። እንግዳ ደጅ አቁመው ማነጋገር አይሆንላቸውምና ሁለት ወንበር ወደ ኮሪደሩ አወጡ።

"እሺ፣ ጋዙ ከተነሳ ዊንተሩን ማን ያሞቀኛል?" አሏት፤ የሌላውን እጩ ማስታወቂያ በቃላቸው ይዘውታል።

"ሂት ፓምፕ ይገባልዎታላ! በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ዊንተር ያሞቃል፣ ሰመር ያቀዘቅዛል።"

"መብራት ሲጠፋስ?"

"እዚህ እኮ ብዙ አይጠፋም።"

"ጠፍቶ ያውቃል። ያኔ አንቺ አልተወለድሽም።"

ሳቀች። "ቆይ፣ ጠይቄ እመጣለሁ" ብላ ስልኳ ላይ ካለው የመራጮች ዝርዝር ከስማቸው አጠገብ "አልወሰኑም" የሚለውን ነካች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መልሱን ይዛ መጣች። ሌላ ጥያቄ ጠበቃት፤ አከራዩ ኪራይ ቢጨምርስ? ሶላሩን በረዶ ቢሸፍነውስ? አቶ ዓብዩ ዜና እያዩ ጥያቄ ሲያጠራቅሙ ይሰነብታሉ፤ ዓርብ ዓርብ ጢማቸውን ይላጫሉ።

በምርጫው ቀን ያኔት ድምጿ ሻክሮ መጣች። ወንበሩ ቢወጣላትም አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ያልቃል። በጣም ክሎዝ ነው፤ በጥቂት ድምፅ ነው የሚለያዩት። አለቃዬ 'ተዪያቸው፣ አይመርጡም' አለችኝ፤ እምቢ አልኩ።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "በደንብ ስላላስረዳሁ ነው አይደል? አማርኛዬ ነው?"

አቶ ዓብዩ ወለሉን አዩ። "አማርኛሽ እንከን አይወጣለትም" አሉ። ገብተው ፖስታውን ይዘው ወጡ።

ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ወዳለው የድምፅ መስጫ ሣጥን አብረው ሄዱ። ያኔት ፖስታውን ገልበጥ አድርጋ ከፊርማው አጠገብ የተጻፈውን ቀን አየች።

"ይሄ እኮ… እኔ ሳልመጣ በፊት ነው! ታዲያ ያ ሁሉ ጥያቄ?"

"መልሶችሽ ጥሩ ነበሩ።"

ትኩር ብላ አየቻቸው። አንድ ነገር ልትል ስትል ስልኳ ጮኸ፤ ያልተንኳኳ በር ብዙ ነበር። ፖስታውን ሲከቱ ጠብቃ ትከሻቸውን ነካ አደረገችና መንገዱን ተሻግራ ሮጠች።

አቶ ዓብዩ እዚያው ቆመው ቀሩ። አንዲት ሴት ፖስታዋን ይዛ ስትመጣ ከሣጥኑ ፊት ዘወር አሉላት።