ሳትጠየቅ ይቅር ያለች ነርስ

ዕድሜዬ ሰባ አምስትን ከተሻገረ ወዲህ፣ በእርግጥ የማስታውሰውንና ደጋግሜ ከማውራቴ የተነሣ የማስታውሰው የሚመስለኝን መለየት እየከበደኝ ሄዷል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን አንባቢ በጥንቃቄ ያንብብልኝ። ስለዚያ ሳምንት አንድ ነገር ግን ያለ ጥርጥር አውቃለሁ፦ ሆሳዕና እንዲያ ስትፈነጥዝ አይቻት አላውቅም፤ እኔም ከእሷ ባላነሰ ፈንጥዤ ነበር።

ምክንያቱ አጥቂያችን ነው። ከቦኖሻ ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ፣ በከተማችን ቡድን ሁለት ዓመት ተጫውቶ፣ ለዋና ከተማው ታላቅ ክለብ ሊፈርም ነው ተባለ። የዝውውሩ ጊዜ ሰኞ ያበቃል። ባጃጆች ያለ ምክንያት ጡሩምባ ይነፉ ነበር። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ የሆነው ጉራጌው ባለሱቅ የልጁን ፎቶ ከስኳሩ ጆንያ በላይ ለጥፎ፣ ባለፍኩ ቁጥር ይጠራኛል።

«መምህር! ልጁ ከፈረመ ለሰፈሩ ሁሉ ለስላሳ በእኔ ነው።»

«ካልፈረመስ?»

«አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ! እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ሱቅ አይነገርም።»

እኔም እስቅ ነበር። አርባ ዓመት ታሪክ አስተምሬ፣ ለተማሪዎቼ «ምንጩን መርምሩ» ስል የኖርኩ ሰው፣ የኳስ ነገር ሲነሣ ግን ምንጭ መመርመሩን እተወዋለሁ። ያ ልጅ ኳሷን ይዞ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከወንበሬ ያልተነሣሁበት ቀን የለም።

ሆኖም በከተማው ውስጥ በለሆሳስ የሚነገር ሌላ ወሬ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት በአንድ የግል ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ፣ ቁርጭምጭሚቱን በፋሻ ልታስርለት በገባችበት ክፍል በሩን ዘግቶ በጉልበት ሊደፍረኝ ሞከረ ብላ ለፖሊስ አመልክታለች። ልጁ ሐሰት ነው ይላል። ታላቁ ክለብ ነገሩን ሰምቶ ነበርና፣ «ጉዳዩ ማለቁን የሚያሳይ ወረቀት ካላመጣ አናስፈርምም» አለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የልጁ አባትና የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ ቤቴ መጡ። ሰብሳቢው የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ፣ የዕድሜ እኩያዬ ነው። አባትየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አንገቱን እንደ ደፋ ቀረ።

«እሑድ እናስታርቃለን፤» አለ ሰብሳቢው። «አጎቷን ከዶዮገና አስመጥተናል። እሱ እሺ ብሏል። ወረቀቱን አንተ ጻፍ። ያንተን አማርኛ ያ ክለብ አይቶ ይደንግጥ!»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷማ ልጅ ናት። አጎቷ እሺ ካለ እሺ አለች ነው።»

እኛ ዘንድ የዕርቅ ወረቀት የሚረቀቀው ከዕርቁ በፊት ነው። ይህን የሚሰማ እንግዳ ይስቅ ይሆናል፤ እኛ ግን ለምደነዋል። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡት ከእሑድ አምልኮ በኋላ ነው፤ ማኅተም ያዡ ይቸኩላል፤ ዝናብም አለ። ስለዚህ ጸሐፊው ቅዳሜ ቤቱ ተቀምጦ «ተበዳይ በሙሉ ፈቃድ ይቅር ብሏል» ብሎ ይጽፋል፤ እሑድ ይነበባል፤ ሽማግሌዎች «አሜን» ይላሉ፤ ይፈረማል። በድንበር ክርክርና በባልና ሚስት ጠብ ሃያ ጊዜ ያህል እንዲህ ጽፌያለሁ፤ አንድም ቀን ያፈረስኩት ወረቀት የለም። ወንጀል በሽማግሌ እንደማይቀር አልዘነጋሁም። ነገር ግን ከሳሽ ዝም ስትል መዝገብ እንደሚደርቅም አውቅ ነበር። አውቄ ጻፍኩ። ያን ቅዳሜ ብዕሬ እንዴት ይሮጥ እንደ ነበር ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ባለቤቴ በትከሻዬ አሻግራ አንብባ፣ «እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት! ከየት አገኘሃት?» አለችኝ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

እሑድ በሰብሳቢው ግቢ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አሥር ያህል ወንዶች ተቀመጥን። ነርሷ ከአጎቷ ጎን ነበረች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ልጁ ከአባቱ ኋላ ቆሞ ስልኩን ያገላብጣል። ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። «ጋሼ፣ ይጸልዩልኝ» አለ። አሳዘነኝ፤ አልዋሽም።

ሰብሳቢው ጸለየ፤ ከዚያ «መምህር፣ አንብብ» አለኝ። ተነሥቼ አነበብኩ። «...ተበዳይ የወንድሟን የወደፊት ዕድልና የሀገሯን ክብር በማሰብ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ በሙሉ ፈቃዷ ከልብ ይቅር ብላለች...» ስል፣ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አሉ። ማኅተም ያዡ ማኅተሙን እፍ አለበት።

ነርሷ ተነሣች።

«መምህር፣ ይቅርታ። ይህቺ የጻፏት ሴትዮ ማን ናት?»

«እንዴት ማለትሽ ነው፣ ልጄ?»

«አላውቃትም። አማርኛዋ ያምራል። እኔ ግን እንዲህ አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም።»

አጎቷ ቀሚሷን ጎትቶ «ተቀመጪ!» አላት። አልተቀመጠችም።

«የኔ ልጅ፣» አለ ሰብሳቢው ድምፁን አለስልሶ፣ «የዚህን ልጅ ዕድል አስቢ። ነገ ካልፈረመ እኮ አበቃለት። ዘንድሮ ካለፈው ማን ይፈልገዋል?»

«የእኔስ? ከዚያ ቀን ወዲህ ከሕክምናው አውጥተው ካርድ ክፍል ጥለውኛል። አለቃዬ ወይ ታረቂ ወይ ሥራ ፈልጊ ብሎኛል። የእኔን ዕድል ከእናንተ ውስጥ ያሰበ አለ?»

«ቀልድ ነበር እኮ!» አለ ልጁ ከኋላ። «እሷ ናት ያከበደችው።»

«ታዲያ ባለፈው ሳምንት ክፍሉ ውስጥም አልገባሁም ብለህ ለፖሊስ የተናገርከው ምን ነበር?» አለችው ሳትዞር።

ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተች። እስከ ዛሬ ድረስ ስጽፈው ልቤ የሚመታበት ቦታ ይህ ነው።

«መምህር፣ እርስዎ እኮ እዚያ ነበሩ። ከበሩ ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ። ከክፍሉ ወጥቼ ግፊትዎን ለካሁ። ለፖሊስ ስምዎን ያልሰጠሁት ያስታውሳሉ ብዬ ነው። ራስዎ ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።»

አሥሩም ወንዶች ወደ እኔ ዞሩ። ለደም ግፊቴ በየወሩ እዚያ ክሊኒክ እሄዳለሁ፤ ይህ እውነት ነው። በዚያ ቀን መሄዴን ግን አላስታውስም ነበር። ወይም፣ አሁን እንደምጠረጥረው፣ ለማስታወስ አልፈለግሁም ነበር።

«አላስታውስም፣ ልጄ፤» አልኩ።

«እሺ፤» ብላ ተቀመጠች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲህ መምህሩም አላስታውስም ብሏል፤» አለ ሰብሳቢው። «ፈርሙና እንሂድ።»

«አልፈርምም፤» አለች።

እኔም ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። «እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ስጡኝ። አሁን ይህን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ ለማለት አልችልም።»

«ጽፈኸዋል እኮ!»

«ጽፌዋለሁ፤ እውነት ነው ግን አላልኩም።»

ወደ ቤቴ የሄድኩት በሩጫ ነበር ብል ባለቤቴ ትስቅብኛለች፤ ለእኔ ግን ሩጫ ነበር። መሳቢያዎችን አንድ በአንድ ገለበጥኩ።

«ምን ጠፋህ?» አለች።

«የክሊኒኩ ካርድ።»

«አንተ እኮ መነጽርህ አፍንጫህ ላይ ሆኖ መነጽር የምትፈልግ ሰው ነህ። መጽሐፎችህ ውስጥ እይ፤ ወረቀት ሁሉ ዕልባት ታደርጋለህ።»

ከሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። በየወሩ የግፊቴ ልክ በሁለት ቁጥር፣ በንጹሕና ቀጥ ባለ ጽሕፈት ሰፍሯል። በመጨረሻው መስመር ላይ ቀኑ አለ፤ እሷ ለፖሊስ ደረሰብኝ ያለችበት ቀን። ከጎኑ የላይኛው ቁጥር ብቻ ተጽፏል። እሱም የእሷ ጽሕፈት መሆኑን ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ተንጋዷል። የታችኛው ቁጥር ቦታ ባዶ ነው።

ካርዱን ለባለቤቴ አሳየኋት።

«ይህንንማ ነግረኸኛል፤» አለች። «የዘንድሮ ነርሶች ግፊት እንኳ በትክክል አይለኩም ብለህ እራት እስክንበላ አማረርክ።»

ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትዝታ ይሁን ካርዱ የፈጠረልኝ ሥዕል፣ ያኔም አላወቅኩም፤ ዛሬም አላውቅም። የብረት ሳህን ሲወድቅ ሰማሁ። የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ ልቀቀኝ የሚል መልእክት ያለው፤ በአፍ መፍቻዋ በካምባትኛ ይሁን በአማርኛ ግን አልያዝኩም። እሷ ወጥታ እጇን ለረጅም ጊዜ ታጠበች። ከዚያ ልጁ ወጣ። ይኼኛውን ሳስታውስ ግን ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም ስለ ራሴ ነው። ከወንበሬ ተነሥቼ እጁን በሁለት እጄ ጨብጬ «በርታ፤ እሑድ ጎል እንጠብቃለን» ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ቧንቧው ጋ ቆማ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ገና ሁለት ሰዓት ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ደረስኩ። ወጣት ሆኜ የመጀመሪያ ክፍሌን ላስተምር ስገባ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም፤ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሊገለጽ የማይችል ደስታ ነበረበት፤ ሰውነቴ ሃያ ዓመት የቀነሰልኝ መሰለኝ። የልጁ አባት ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ማታ ወደ ጣቢያው እንደምሄድ በስልክ ያሳወቅኩት ሰብሳቢ ነግሮታል ማለት ነው።

«መምህር፣ እለምንዎታለሁ። ከአምስት ልጆቼ ለዚህ ደረጃ የደረሰ እሱ ብቻ ነው።»

«ልጅህ ምን እንዳደረገ አልናገርም፤ ከበሩ ወዲያ አላየሁም። የምናገረው ከበሩ ወዲህ ያለውን ነው።»

«አላስታውስም ብለው አልነበረም እንዴ? ትናንት፣ በሰው ሁሉ ፊት?»

«ብያለሁ። እሱንም አስመዘግባለሁ።»

መርማሪዋ ጸጉሯን በጥቁር መረብ የሸፈነች፣ ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች። ካርዱን ተቀብላ ግራና ቀኝ አየችው። ነርሷን በስልክ አስጠርታት ነበርና እሷም መጥታ ከቢሮው ውጪ ቆማለች። ቃሌን ስሰጥ መርማሪዋ ደጋግማ ታቋርጠኝ ነበር።

«መምህር፣ ‹ይመስለኛል› የሚለውን ላውጣው? መዝገቡን ያደክመዋል።»

«አይወጣም።»

«የተከሳሽ ጠበቃ እኮ በዚህች ቃል ይጫወትብዎታል።»

«ይጫወት። ሳህን መውደቁን ሰምቻለሁ፤ እርግጠኛ ነኝ። ካርዱ የእኔ ነው፤ እርግጠኛ ነኝ። ልጁ ከዚያ ክፍል ሲወጣ እጁን ጨብጫለሁ፤ በዚህ ላይ መሐላ እገባለሁ። ድምፁን ግን ይመስለኛል በይ። ከትናንት ወዲያ የሌላ ሰው ቃል በራሴ አሳምሬ ጽፌ ነበር፤ ዛሬ የራሴንም ቃል ማሳመር አልፈልግም።»

መርማሪዋ እንደ መሣቅ አለችና ጻፈች። «ክፍሉ አልገባሁም ላለ ሰው፣» አለች ከራሷ ጋር እንደምትነጋገር ሆና፣ «የእጅ መጨበጡ ብቻውን ብዙ ነው።» ፈረምኩ። ፊርማዬ እንደ ሕፃን ልጅ ሥዕል ሆነ።

ወደ ግቢው ስንወጣ አባትየው ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር። ከክለቡ ሰው ጋር እንደሚነጋገር ከፊቱ ገባኝ። «ፍርድ እስኪሰጥ ነው ያላችሁት? እስከ መቼ?» አለ፤ መልሱን ሰምቶ ስልኩን ዘጋ። እኔን ሳያየኝ ባጃጅ አስቁሞ ሄደ። አዘንኩለት። ልጁ ጥፋተኛ ይሁን አይሁን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ እግሩ ግን ያን ቀን ጉዳት አልነበረበትም፤ ዕድሜውም ሃያ ሦስት ነው። ነጻ ከወጣ ሌላ የዝውውር ጊዜ ይመጣል። ካልወጣ ደግሞ ኳሱ ላይ ያለው ችሎታ የሚመልሰው ነገር የለም። ይህን ለባለሱቁ ብነግረው ለስንት ቀን እንደሚያኮርፈኝ እያሰብኩ ነበር፤ በኋላ እንደ ታየው ለሁለት ወር አኮረፈኝ፤ ስኳር እንኳ የምገዛው በባለቤቴ በኩል ሆነ።

መርማሪዋ በበሩ ብቅ ብላ ለነርሷ ቁራጭ ወረቀት ሰጠቻት። «መዝገቡ ዛሬ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ቁጥሩ ይኸው። አለቃሽ ዛሬም የሚያስቸግርሽ ከሆነ ይህን አሳዪውና እኔ ጋ ይደውል።»

ነርሷ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አንሥታ «ቆይ አንዴ» እንደማለት አስቆመችኝና ስልኳን አወጣች። እናቷ ጋ ደወለች፤ ዶዮገና። በካምባትኛ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ እየሳቀችና እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ተናገረች። ካምባትኛን የምሰማው ጥቂት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። መምህሩ የሆነውን አስጽፈውልኛል የምትል መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው። ልቤ ግን ሳይጠራጠር፣ የጣቢያው ዘብ ይሰማው ይሆን እስክል ድረስ ይደልቅ ነበር።