ቀዩን አታደብዝዢው

በጋ ሊገባ ሲል የሰደድ እሳት ስጋት ካርታ ሊያሳትም ወደ ማተሚያ ቤታችን የሚመጣ አንድ ሰው አለ። ስሙን ጠይቄው አላውቅም፤ እኛ «ባለ ካርታው» እንለዋለን። ሱሪው ላይ ሁሌም የሣር እሾህ ተሰክቶበታል። ወረፋ ሲጠብቅ ከኪሱ ጭራሮ አውጥቶ ጆሮው ሥር ይሰብራል። ቀጭ ካለ ጫካው ደርቋል ማለት ነው፤ ፊቱ ይጠቁራል።

ካርታው ላይ እርጥቡ ሣር አረንጓዴ፣ ለእሳት የተመቸው ደረቅ ቁጥቋጦ ቀይ ነው። «አደራሽን እህቴ፣ ቀዩን አታደብዝዢው፤ አለቆቼ ካልጮኸባቸው አያዩም» ይለኝ ነበር። እኔም አድምቄ አትምለታለሁ። ግን ማን ሰምቶት! ቀዩ በየዓመቱ ይሰፋል።

ዘንድሮ በቀዩ መሃል መዳፍ የምታህል ነጭ ቦታ አየሁና ደነገጥኩ።

«ውይ፣ ማሽኑ ዘሎታል! ልድገምልህ?»

«አልዘለለም» አለ፣ ነጩን ዙሪያውን በጣቱ እየዳሰሰ። «ነጭ የምናደርገው ነድዶ የሚነድ ነገር ያልቀረበትን ነው። አምና ቀይ ነበር። የእናቴ መንደር ነው። አሁን ከካርታው ሁሉ ስጋት የሌለበት እሱ ብቻ ነው።»

«እናትህስ?» ልለው ስል፣ ካርታውን ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎት ወጣ።

ዘንድሮ ስለ ቀዩ ምንም አላለኝም።