በጥቁር አዝሙድ ጠርሙስ የተደበቀው ዘይት
እትዬ ሣህሊቱ በሰው አገር፣ ፌርፋክስ በሚባል ጎዳና ላይ ባለ የሐበሻ ቅመም ሱቅ ቆመው ሲሠሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ለልባቸው ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ስኳራቸው ያመጣባቸው የእግር ማቃጠል ግን እንቅልፍ ነሣቸው። ለእግራቸው የታዘዘላቸው ኪኒን ራሳቸውን ሲያዞራቸው ተዉት፤ ጠበልም ተጠመቁ፤ ሕመሙ አልለቀቃቸውም።

በመጨረሻ ሄምፕ ከሚባለው፣ ከሐሺሽ ዘር ከሆነው ተክል የሚወጣ ዘይት የሚሸጥበት ቤት ገቡ። ሻጯ ሁለት ብልቃጥ አወጣችላቸው።

"ይሄ ሲቢዲ ነው፣ ለሕመም፤ ይሄኛው ደግሞ ሲቢኤን፣ ለእንቅልፍ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲወስዷቸው የበለጠ ይሠራሉ" አለቻቸው።

እውነትም ትንሽ ተኙ። ስለዚህ መጠኑን እጥፍ አደረጉት። ልጃቸው ካሌብ እናቴ ሐሺሽ ጀመረች ብሎ እንዳያፍርባቸው ሁለቱንም በጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ቀላቀሏቸው።

በሦስተኛው ሳምንት በርበሬ ሲመዝኑ ነስር ጀመራቸው፤ አልቆም አለ። ካሌብ ከሥራው ወጥቶ ሆስፒታል አደረሳቸው። ዶክተሯ ከመድኃኒታቸው ሌላ ምን እንደሚወስዱ ስትጠይቅ፣ "ጥቁር አዝሙድ ብቻ" አላት።

"አይደለም ልጄ" አሉ እናቱ በፎጣ አፍንጫቸውን እንደያዙ። "ሄምፕ ነው። ንገራት።"

ካሌብ ተረጎመ። ዶክተሯ አልተቆጣችም። ዘይቱ የደም ማቅጠኛውን ኃይል ከልክ በላይ ከፍ እንዳደረገው አስረድታ፣ ዛሬውኑ እንዲያቆሙ ነገረቻቸው።

"እግሬንስ ምን ላድርገው? ጠይቃት።"

የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ተፈለገላቸው። የተገኘው ከአራት ወር በኋላ ነበር።

"እስከዚያ ሱቅ ውስጥ እንዴት አድርጌ ነው የምቆመው?" አሉ።

ይህን ካሌብ አልተረጎመውም።