ለድመት የታኘከ ቆጮ

ዛሬም የቆጮ ሽታ በአፍንጫዬ ሲያልፍ ምላሴ ሥር የድመት ፀጉር የተጣበቀ ይመስለኛል። ሰው ፊት ከሆንኩ ምራቄን ዋጥ አደርጋለሁ፤ ብቻዬን ከሆንኩ ግን ተነስቼ አፌን እጉመጠመጣለሁ። አትሳቁብኝ፤ ምክንያት አለኝ።

ሆሳዕና ከተማ፣ ቤታችን ውስጥ አንዲት ያረጀች ድመት ነበረች። የወንድሜ ናት። በደህናው ጊዜዋ የእናቴ ቅቤ ማሰሮ አጠገብ አይጥ ድርሽ ብሎ አያውቅም። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ግን ጥርሶቿ ረግፈው አልቀው ነበር። መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ሳመኝና «እስክመጣ እንዳትሞትብኝ፣ አደራሽን» አለኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ድመቷ ከሞተች እሱም የማይመለስ መሰለኝ።

ስትገማ ታዲያ! አንድ ዓይኗ ቢጫ ነገር ያዣል። ከአፏ የሚንጠባጠበው ለሃጭ ደረቷ ላይ ደርቆ ፀጉሯን ገመድ ገመድ አድርጎታል። ክረምት ሲገባ ደጅ መውጣቱን ተወችና ማገዶው ላይ መሽናት ጀመረች፤ እሳት ሲነድ ጢሱ ራሱ ሽንቷን ሽንቷን ይላል። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ብሄድ ጎረቤታችን ባለሱቁ አፍንጫውን ይዞ «አንቺ ልጅ፣ ያቺን ድመት ለጅብ አትጥሏትም እንዴ? ልብስሽ ሳይቀር ሸተተ እኮ!» አለኝ፣ ያውም ሰው ተሰብስቦ እያለ። እስካሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ከሁሉ የከፋው ምግቧ ነበር። ወተት ሲጠፋ ያለን ቆጮ ነው፤ ቆጮ ደግሞ ቃጫ አለው፣ ቃጫ በድድ አይበጠስም።

«አኝከሽ ስጫት» አለችኝ እናቴ በሀዲይኛ።

«እኔ?»

«አደራ የተባልሽው አንቺ አይደለሽ?»

በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አላምጬ መዳፌ ላይ እተፋላታለሁ። እሷ በዚያ በሚከረፋ ምላሷ ትልሰዋለች፤ የተረፈው ከለሃጯ ጋር ተለውሶ ጣቶቼ መሃል ይቀራል። ስንቴ እንዳቅለሸለሸኝ! «ምነው በሞትሽ» ያልኳት ቀን ብዙ ነው። ወዲያው ወንድሜ ትዝ ይለኝና ደንግጬ ሌላ ጉርሻ አኝካለሁ።

ወንድሜ ደብዳቤ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነበር፤ «ድመቴ አለች?» እናቴ መልሱን በሀዲይኛ ትነግረኛለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። «አለች፤ እህትህ እያኘከች ታበላታለች።» እሱም በሚቀጥለው «ጎበዝ፣ ብቻ ጥርስሽን ፋቂ» ብሎ ይቀልድብኛል።

አንድ የበልግ ጠዋት አፌ ሙሉ ቆጮ ይዤ መዳፌን ዘረጋሁላት፤ አልመጣችም። ማገዶው ሥር ደርቃ አገኘኋት። አፌ ውስጥ የነበረውን መትፋት አቃተኝና ዋጥኩት። ጓሮ እንሰቱ ሥር ቀበርናት። እናቴ አፈሩን ከእጇ ሳታራግፍ «ደህና ናት ብለሽ ጻፊ። እዚያ ያለበት ይበቃዋል» አለችኝ። ጻፍኩ። ያን ሁሉ ጊዜ በለሃጭ ሲጨማለቅ የኖረው እጄ እንደዚያ ቀን ቀፎኝ አያውቅም።

ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ። የወንድሜ ፊደል ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ይኸኛው ቀጥ ያለ፣ የሌላ ሰው እጅ ነበር። «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ይላል። ስለ ድመቷ አንዲት ቃል የለበትም። የሞተን ደህና ነው ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሆነ አውቀው ነበርና ገባኝ፤ ወንድሜ የለም። አንድ ደግ ጓደኛው ነው የጻፈልን።

እናቴ ፊደል አትለይም። ዓይኗን አፌ ላይ ተክላ «ስለ ድመቷ ምን አለ?» አለችኝ።

ወረቀቱን ወደ ፊቴ አስጠጋሁት። «አለች ወይ ይላል» አልኳት።

ዓይኗን ከአፌ ነቅላ ወደ ጓሮው እንሰት አዞረች። ከዚያ «አለች በይው» አለችኝ። «እያኘክሽ እንደምታበያትም ንገሪው።»

ብዕሬን አንስቼ ጻፍኩ። አፌ ቆጮ ቆጮ ይለኝ ነበር።