ለክፍት መኪና የተገዛ ስፒከር

ባለቤቴ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው የገዛት መኪና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ ቀይ፣ ከአስፋልቱ ጋር የተጣበቀች ነገር ናት። ገብቶ ለመቀመጥ መሬት ላይ የወደቀ ሳንቲም እንደሚያነሳ ሰው መጎንበስ ያስፈልጋል። ሆላንድ፣ አምስተርዳም አጠገብ ባለችው ዲመን፣ የምንኖርበት ሕንፃ ሥር ሲያቆማት ጎረቤቶቻችን በረንዳ ላይ ወጥተው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ግን ተናደድኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅ ድረን፣ ሽበት አውጥተን፣ አሁን ነው ጎረምሳ መሆን ያማረህ?» አልኩት።

«ጥሩ ናት፣ አይደል?» አለኝ።

መልሱ ሁሌም እንዲህ ነበር። «ጥሩ»፣ «እሺ»፣ «ይሁና»። ከእሱ ጋር ከማወራ ግድግዳ ባናግር ይሻለኝ ነበር። ዛንዳም ከተማ ባለ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ማሽን ሲጮህበት የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ቤት ሲገባ ዝምታ ቢያምረው አይፈረድበትም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። እኔ ደግሞ ወሬ ካላወራሁ እህል አይወርድልኝም።

ይቅር ልለው ያልቻልኩት ነገር ግን ነበረ። ባለፈው ኅዳር ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ሁይስአርትሳችን፣ የሰፈር ሐኪማችን ማለቴ ነው፣ ዳብሳ ዳብሳ ወደ ሆስፒታል ጻፈችልኝ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን ማጠብና ማልበስ ነው፤ ስንት በሽተኛ አስታምሜያለሁ፣ ስለዚህ በጣም ፈራሁ። እራት በልተን ሳህን እያጠብኩ፣ እንባዬን እንዳያይብኝ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ሻዩን ጨልጦ ብርጭቆውን አጠገቤ አስቀመጠና «ጥሩ ነው» ብሎኝ መኪናውን ሊወለውል ወረደ። ጥሩ ነው! ኧረ በስመ አብ! እንዲህ ይባላል?

ብቻዬን ሄጄ ተመረመርኩ። ደህና ነሽ ሲሉኝም መተላለፊያው ላይ ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ። ለእሱ ደግሜ ትንፍሽ አላልኩም። አንዴ ነግሬው ጆሮ ዳባ ልበስ ያለኝን ሰው ደግሞ ልለምነው እንዴ? ከፋሲካ በኋላ ጓዜን ጠቅልዬ ሄግ ያለችው ልጃችን ዘንድ ልገባ ቆረጥኩ። ልጄ ክፍል አዘጋጅታልኛለች። ለእሱ መንገሩ ብቻ ነበር የቀረኝ።

በሁዳዴ መሃል አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ነይ ሮተርዳም እንሂድ፤ የመኪናዋን ስፒከር ላስቀይር ነው» አለኝ። ጣሪያው ሲከፈት ነፋሱ ሙዚቃውን ይወስድበታል። እኔም በልቤ፣ የስንብት ጉዞ ትሁን፣ ስንመለስ መንገድ ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኩት።

ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር ውስጥ በጎማ ቤትና በፀጉር ቤት መሃል የተሸጎጠች ጋራዥ ናት። ባለሙያው ሱሪናም የተወለደ፣ ቦርጫም፣ ሳቂታ ሰው ነው። የበሮቹን ፕላስቲክ ነቅሎ አዳዲስ ስፒከሮች ገጠመ፣ ከወንበሬ ሥር ድምፅ ማጉያ ወሸቀ፣ ከጀርባችን ደግሞ ለቤዙ የሚሆን ሣጥን አስቀመጠ። ሲጨርስ ሁለታችንንም በየወንበራችን አስቀመጠን። ባለመኪናው በሚነዳበት ወንበር ተቀምጦ በገዛ ጆሮው ካልሰማ ሥራው አላለቀም ባይ ነው። «በሉ የምትወዱትን ክፈቱ» አለን።

ባለቤቴ የወጣትነታችንን ዘፈን ሊከፍት ስልኩን ሲያወጣ እጁን ቀብ አደረግኩት። «ሁዳዴ ነው! ምን ነካህ?» ብዬ እኔው በገና ከፈትኩ። አንድ አረጋዊ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲደረድሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው፤ ስልኩን ፊት ለፊታችን አቆምነው። ያ ወፍራም ድምፅ ከበሮቹ ሲወጣ ሰውነቴን ወረረኝ። የመጣሁበትን ረስቼ ጎንበስ አልኩ።

ባለሙያው ግን ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ዝዝዝ የሚለው ምንድን ነው?» አለ። አዲሱ ስፒከር የተቀደደ መስሎታል። የበሩን ፕላስቲክ መልሶ ነቀለ፣ ብሎን አጠበቀ፣ ስፖንጅ ጎሰጎሰ፤ በገናው እንደሆነ መንዘሩን አልተወም። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ኧረ ጌታው፣ መሣሪያው ራሱ ነው! ጅማቱ ሥር ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል፤ እንዲህ ካላለ በገና አይባልም» አልኩት በደችኛ። አላመነኝም። ሆን ብሎ እንዲህ የሚጮህ መሣሪያ የሚሠራ ሕዝብ አለ ብሎ ማመን ከየት ይምጣለት?

«እንግዲያው ባለመኪናው ይፍረድ» አለና የበገናውን ድምፅ ቀነስ አድርጎ ወደ ባለቤቴ ፊት ጠጋ አለ። «ገመዶቹን ልነካካ ነው። ዝዝታው ሲጠፋ ንገረኝ።» ከዚያ በእኔ በኩል ጎንበስ ብሎ ከወንበሬ ሥር አንዱን ገመድ መዘዘ።

ድምፁ ድርግም አለ። በገናም ዝዝታም የለም፤ ከውጭ ጎማ የሚቀጠቅጥ ሰው ብቻ ይሰማል። ስልኩ ላይ ግን አረጋዊው ጣቶቻቸውን እያንቀሳቀሱ ነው። ባለቤቴ እሳቸውን እያየ ራሱን በቀስታ ይወዘውዛል። ጥቂት ቆየና አውራ ጣቱን አነሳ፣ ፈገግ አለም። «ኑ ኢስ ሄት ጉድ» አለ። አሁን ጥሩ ነው ማለቱ ነው።

ባለሙያው የነቀለውን ገመድ እንደያዘ ቀና አለ። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

ለካ! ለካስ ሰውዬው ጆሮ ዳባ ልበስ አላለኝም። ጭራሽ አልሰማኝም። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቧንቧው እየፈሰሰ፣ በዚያ በታፈነ ድምፅ ያንን ሁሉ ስዘከዝክ እሱ «ጥሩ ነው» ያለው ለሻዩ ይሁን ለምኑ እንጃ።

የባል ገመና በሰው ፊት አይገለጥም። እኔም አውራ ጣቴን አነሳሁና «እውነቱን ነው፣ አሁን ጠፍቷል» አልኩ። ባለሙያው፣ እግዜር ይስጠው፣ ገመዱን ቀስ ብሎ መልሶ ሰካው። ሲሸኘን የባለቤቴን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

ጣሪያውን ከፍተን ወደ አምስተርዳም መንገድ ገባን። በገናው ከነፋሱ በላይ ይጮሃል። እሄዳለሁ ልለው ያዘጋጀሁትን ንግግር ለጊዜው ተውኩት። ሄግ ጋ ስንደርስ ክንዱን ይዤ ማረፊያ ቦታውን በጣቴ አሳየሁት። አቆመ። ጣሪያውን ዘጋሁት፣ ስልኩን አጠፋሁት፣ ሞተሩንም አጥፋ አልኩት። እንዲህ ሲዘጋ ያቺ መኪና ምን ያህል ጠባብ እንደሆነች ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

አፌን ከመክፈቴ በፊት እሱ ጀመረ። «ድምፁ ጠፍቶ ነበር፣ አይደል?»

«ማን ነገረህ?»

«ሰውየው ሲያየኝ ገባኝ። አንቺ ደግሞ ዋሸሽልኝ።»

ጆሮው ከመቼ ጀምሮ እንደደከመ ጠየቅኩት፤ ዓመታት ሆኖታል። መጀመሪያ ላይ ፋብሪካው ካወቀ ከሥራ ያወጣኛል ብሎ ደበቀ። እኔ ደግሞ ደነቆርክ እንዳልለው ፈራ፤ ውሎ ሲያድር መናገሩ ራሱ አሳፈረው። «ፊት ለፊቴ ስትሆኚ ከንፈርሽን እያየሁ እይዛለሁ። ዘወር ስትይ ግን ድምፅሽ ድብልቅልቅ ይልብኛል። እሺ ብዬ አልፋለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ስፒከሩ ምን ያደርግልሃል?»

«አጠገቤ ተቀምጠሽ የምትሰሚውን እኔም ብሰማ ብዬ ነዋ።»

«አንተ ደረቅ!» ብዬ ትከሻውን መታሁት። እንዴት እንደተናደድኩ፣ እንዴት ደግሞ እንዳሳዘነኝ! ያቀፍኩት ይሁን የመታሁት አላውቅም። ከዚያ አፌን ወደ ጆሮው አስጠግቼ ያንን የኅዳሩን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። እብጠቱን፣ ሐኪሟን፣ ሆስፒታሉን። ደህና ነሽ መባሌን ሁለቴ ነገርኩት። ልሄድ መነሳቴንም አልደበቅኩትም። እጆቹ መሪው ላይ ቀሩ።

«ያኔ ነግረሽኝ ነበር?»

«ነግሬህ ነበር።»

«ምን አልኩሽ?»

ብዋሸው ደስ ባለኝ፤ የዚያን ቀን ግን አንዴ ዋሽቼለታለሁ። «ጥሩ ነው አልከኝ» አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በጎናችን የጭነት መኪናዎች እያለፉ ያቺን ትንሽ መኪና ያወዛውዟታል። በጣቶቹ መሃል «ማን አብሮሽ ሄደ?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት፣ አፌን ከጆሮው ሳላርቅ።

እጁን ከፊቱ አላነሳም፤ ከንፈሬን ሊያይ አይችልም። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን እንደሰማኝ አወቅኩ።